ዐሥራ ሁለት ጠጠር

ልጄን ቅዱስ ነው ብለው ሲሳለሙት ቆሜ አይቻለሁ። እኔም አብሬ "ተመስገን" ብያለሁ። ከተናገርሁት ሁሉ ዛሬም የሚቆጨኝ ያች "ተመስገን" ናት።

ይህ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ በመስከረም መጨረሻ ነው። የግሸን ተሳላሚዎች ከተራራው ወርደው ወደየአገራቸው የሚበተኑበት ሳምንት ነበር። ከእነሱ ጥቂቶቹ በአምባሰል በኩል ወዳለች አንዲት ትንሽ ገዳም ጎራ ይላሉ። ስሟን አልጠራም። አምባ ላይ ናት፤ መውጫዋ አንድ፣ በሯም አንድ ነው። ከበሩ ወዲያ ሴት አትገባም። ከበሩ በታች ግን ምንጭ አለ፤ እስከዚያ ሴቱም ወንዱም ይደርሳል። ልጄ ከዚያ ምንጭ ውኃ እየቀዳ ወደ ላይ የሚያወጣ ሠራተኛ ነበር።

ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አእምሮው እንደ እኩዮቹ አልፈጠነም። በአራት ዓመቱ ቆሞ ሄደ። በሰባት ዓመቱ "እማ" አለኝ። የኔታ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀምጦ "ሀ"ን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ሰው ግን ይወድ ነበር። ያገኘውን ሁሉ "እንዴት አደራችሁ" ይላል፤ ሰውንም፣ አህያንም። ጀምበር ስትጠልቅም ሰላምታው ያችው ናት። የከተማችን የሐይቅ ገበያ ሰዎች "ለእሱ ሁልጊዜ ነግቶለታል" እያሉ ይስቁ ነበር። ከሚሉት ሁሉ ደጉ ይኼ ነው። ሌላውን አልጽፈውም።

አባቱ ቀድሞ ስለ ሞተ ያሳደግሁት ብቻዬን ነው። ጉልበቱ የሁለት ሰው ነበር፤ ሥራም ይወዳል። ግንበኞች ዘንድ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ፤ ለሁለት የሚሸከሙትን ለብቻው ጫኑበት። ወፍጮ ቤት ገባ፤ ዱቄት ፊቱ ላይ እየበተኑ ሳቁበት። ከሁለቱም ቦታ እጁን ይዤ አወጣሁት። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ "ገዳም ይሂድ፤ እዚያ የሚስቅበት የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እዚያ የሳቀበት የለም።

የተቀበሉት አትክልቱን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት መነኩሴ ናቸው። እኔ ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በበሩ። ጀርባቸው የጎበጠ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ሳቂታ አባት ነበሩ። ልጄን ባስረከብሁ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣

"ልጅሽ ሰነፍ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ አባቴ! እንደሱ የሚሠራ የለም።"

"እንግዲያው ያስፈራኛል። ሰነፍ ቢሆን በወደድሁ። ሰነፍ ራሱን ያውቃል።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መሬት ስሜ አመሰገንሁ፤ ተመለስሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልጄ ከማመስገን በቀር ሌላ ነገር መናገር ነውር ሆነብኝ። ሌላው ሁሉ የገፋውን ልጅ ተቀብለውልኛል። የተቀበለን ሰው ምን አበላኸው፣ ምን ያህል አሠራኸው ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? እግዚአብሔርን መልሶ መጠየቅ መሰለኝ። በየወሩ ምንጩ ድረስ እየሄድሁ አየዋለሁ። ወፍሯል፤ ይስቃል፤ "እንዴት አደርሽ እማ" ይለኛል። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በአምስተኛው ዓመት ክረምቱ ከበደ። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ሦስት ወር ሳላየው ቀረሁ። መስከረም ላይ ስደርስ ሴቶች ምንጩ ዳር ከበውት አገኘሁ። አንዷ ቢጫውን የውኃ ጀሪካን ትሳለማለች። አንዷ ከሸሚዙ ጫፍ የተንጠለጠለ ክር በጥሳ በነጠላዋ ትቋጥራለች።

"ምን ሆኖ ነው?" አልሁ።

"እንግዳ ነሽ መሰል" አለችኝ ባለ ክሯ። "ቃል የማይወጣው ባሕታዊ እኮ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው አሉ።"

"እህልም አይቀምስ አሉ" አለች ሌላዋ። "ውኃ ሲያወጣ ይውላል። የእኛን ኃጢአት ነው የሚሸከመው።"

"የማን ልጅ ይሆን? እናቱ ምንኛ ታድላለች!"

"የእኔ ነው" አልሁ።

እልል አሉ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ። "ተመስገን" ያልሁት ያን ጊዜ ነው። የልጄ ነገር በተነሣ ቁጥር አንገቴን ስደፋ ኖሬ፣ ያን ቀን ቀና አልሁ። ደስታዬን ሳጣጥም ልጄን አላየሁትም።

ከዚያ አየሁት። ዓይኑ በላዬ ላይ አልፎ ሄደ። "እንዴት አደርሽ" አላለኝም። ሱሪውን ያሰረበት ገመድ ወገቡን ሁለት ዙር ይዞራል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። የጀሪካኑ ማንገቻ የሚያርፍበት ሥጋ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ቆስሏል።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ። እማ ናት።"

ጀሪካኑን አነሣና ዳገቱን ያዘ። እስከ በሩ ተከተልሁት። ገባ። እኔ ቀረሁ። በሩ ክፍት ነበር። ተዘግቶብኝ ቢሆን አንኳኳ ነበር። የተከፈተ በር ላይ ቆሞ መቅረት ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

በረኛው መነኩሴ ቀልደኛ ሰው ናቸው።

"ምነው እናቴ፣ ሠራተኛችንን ልትሰርቂ መጣሽ?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ልጄ ታሟል።"

"ታሟል? ከሁላችን በላይ የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ? የታመመ ሰው እንዲህ ይሠራል?"

"ይበላል?"

"እናቀርብለታለን። ትቶት ይነሣል። ጾሙን አናስፈታው ብለን ተውነው።"

"መቼ ጀመረው?"

"የአትክልቱ አባ ከሞቱ ወዲህ። በሰኔ ነው፤ አልሰማሽም? የመነኩሴ ሞት መቼ መርዶ አለውና። በቀብራቸው ቀን ልጅሽን እህል እንዲያወጣ ወደ ታች ላክነው፤ እንዳይረበሽ ብለን።"

"ደግ አደረጋችሁ" አልሁ። እንዲህ ነው ያልሁት።

ከዚያ በረኛው አፋቸው ላይ እንደመጣላቸው ያወሩልኝ ጀመር። ልጄ መቁጠር አይችልም። ስለዚህ አዛውንቱ በአትክልቱ ዳር እንደ ገበጣ ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረውለት ነበር። አንድ ጀሪካን ባወጣ ቁጥር ከምንጩ አንድ ጠጠር ይዞ መጥቶ በአንዱ ጉድጓድ ይጥላል። ዐሥራ ሁለቱ ሲሞሉ አዛውንቱ "ይበቃል፣ ተባረክ" ይሉታል። ጠጠሮቹን ይሰበስባሉ፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ አብረው ይበላሉ። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

"አሁንስ?" አልኋቸው።

"አሁንማ ጉድጓዶቹን የክረምቱ ጎርፍ ደፈናቸው። ጠጠሩን ዝም ብሎ ይከምራል። ክምሩ ይኼን ያህላል" ብለው እስከ ጉልበታቸው አሳዩኝ። ፈገግ ብለው ነበር። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ፈገግታቸው ጠፋ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የገባን ይመስለኛል።

"ይበቃል የሚለው ሰው የለማ" አሉ ቀስ ብለው።

"እባክዎ አባቴ፣ እርስዎ ይበሉት።"

ገብተው ተመለሱ። "አልሁት። እንደ ነፋስ አለፈኝ። የእኔን አፍ አያውቀውም" አሉኝ። ለአበምኔቱም ነገሩልኝ። አበምኔቱ "አላሰርነውም፤ ከወደደ ይሂድ" ብለው ላኩብኝ። ያሰረው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ከምንጩ ዳር ተቀምጬ ስድስት ጊዜ ሲወርድ፣ ስድስት ጊዜ ሲወጣ አየሁት። በወረደ ቁጥር "ና ወደ ቤታችን" እለዋለሁ። በወጣ ቁጥር እስከ በሩ ተከትዬ እቀራለሁ። ወርዶ የሚመጣው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ምንጩ ነው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በዚህ ከቀጠለ የሚሞት መሆኑን አወቅሁ። እናቱ ሆኜ በእጄ ልነካው በምችልበት ርቀት ላይ ተቀምጬ ሲሞት ላየው ነው።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረኛውን፣

"ጠጠሮቹን ያውጡልኝ" አልኋቸው።

"ክምሩን ሁሉ?"

"የቻሉትን ያህል።"

አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ለምን አላሉኝም። በቅርጫት ሞልተው አወጡልኝ። ልጄ ጀሪካኑን እንዳነገተ ከኋላቸው እየሮጠ መጣ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ከመሬት ቀና ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጠጠሩን በነጠላዬ ቋጥሬ አዘልሁትና ቁልቁለቱን ያዝሁ። የገዛ ልጄን በጠጠር እያባበልሁ ሰረቅሁት ማለት ነው። እስከ መኪናው መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አንድም ጊዜ ዞሬ አላየሁትም፤ ዞሬ ብቆም የሚመለስ መሰለኝ። የጀሪካኑን ውኃ ከኋላዬ ሲንቦጫቦጭ እየሰማሁ ወረድሁ።

ውጫሌ መኪና ስንሳፈር ረዳቱ ጭነቴን ሊያወጣ ሞክሮ አቃተው።

"እማማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫኑት? ሐይቅ ድንጋይ አለቀ?"

"ዝም በል አንተ ባለጌ!" አሉት ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት። "ከቅዱስ ቦታ የመጣ ነው።" ወደ እኔ ዞረው፣ "እመቤቴ ትባርክሽ፣ አንዲት ጠጠር ለበረከት" አሉኝ።

አልሰጠኋቸውም። በዕድሜዬ በረከት የከለከልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ገባን፤ ነገር ግን የተለወጠ የለም። ጀሪካኑን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሞልቶ ይመጣል፤ ጓሮ ይደፋዋል፤ ጠጠር ይጥላል፤ ይመለሳል። የተጋገረ እንጀራ ፊቱ ይደርቃል። ጠበል ወሰድሁት፤ ዛሬም እወስደዋለሁ፤ እምነቴ ነው። ተጠመቀ፤ ዝም እንዳለ ተመለሰ።

ከጎኔ የምትኖረው ጎረቤቴ እስላም ናት። በአንድ አጥር ሠላሳ ዓመት ኖረናል። ባየችው ቀን እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ያረቢ! ይኼን ልጅ ምን አደረጋችሁት?"

"ጸጋ ተሰጥቶት ነው ይላሉ። ዝምታውም፣ ጾሙም…"

"አንች! እኔን አታሞኚኝ። ከቤቴ እየበላ ያደገ ልጅ ነው። ታሟል። ውስጡ ነው የታመመው። ደሴ ውሰጅው።"

"ቅዱስ ነው ያሉትን ልጅ ሐኪም ቤት ስጎትት ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው? ሰው ለቀብሩ ይመጣልሻል፤ አብሽሪ!"

ከእሷ ተለይቼ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። እሳቸው ተቆጡ። ከእግዚአብሔር ደጅ የገባን ሰው ማውጣቴ ሳያንስ በሽተኛ ማለቴ አሳዘናቸው። ታሟል ብል ስጦታውን እክዳለሁ፤ ስጦታ ነው ብል ልጄን እቀብራለሁ። መሄጃ አጣሁ። ሳምንት ሙሉ ዳዊት እየደገምሁ ከመደቡ ሳልነሣ ቆየሁ። ልጄ ውኃውን እየደፋ ጓሮዬ ረግረግ ሆነ። አንድ ጠዋት ከነጀሪካኑ በዚያ ጭቃ ውስጥ በጉልበቱ ወድቆ፣ ሳይነሣ፣ ጠጠሩን እንደጨበጠ አገኘሁት። የዚያን ዕለት ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፍረን ደሴ ሄድን።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው ያሉን ወጣት ነው። ተቀምጬ የልጄን ነገር ከውልደቱ ጀምሬ ልተርክ ስል፣

"ይቅርታ እናቴ" አለኝ። "መጀመሪያ እሱን ልጠይቀው።"

"አይናገርም እኮ ልጄ።"

"ባይናገርም።"

ልጄን ይዤ በየደጁ ስዞር "እሱን ልጠይቀው" ያለ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ነርሱ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠና "ምን ጠፋብህ?" አለው። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ግን የቸኮለ አልመሰለም። ልጄ ብዙ ቆይቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አንድ ጠጠር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላም አወጣ። ሌላም። ኪሱ ባዶ ሲሆን፣

"አባ" አለ። ድምፁ ዝጎ ነበር።

ነርሱ ወደ እኔ ዞረ። ስለ አዛውንቱ፣ ስለ ጉድጓዶቹ ነገርሁት።

"መሞታቸውን ማን ነገረው?"

"ማንም። እንዳይረበሽ ተብሎ…"

አልተቆጣኝም። "እናቴ፣ ልጅሽ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው እንጂ፣ ሐዘኑ እንደ እኛው ነው" አለኝ። "ሥራ ከአቅሙ ሲበልጥ፣ ወዳጁ ሲጠፋበት፣ እንደ ማንኛችንም ይታመማል። እንደ እሱ ያሉ ሠራተኞች ዝም ሲሉ ጨዋ ሆኑ ይባላል፤ ሲረበሹ ተፈጥሯቸው ነው ይባላል። ታመው ይሆን ወይ የሚል የለም።"

መድኃኒት ጻፈልን። ለትከሻውም ቅባት ጨመረ። ስንወጣ "መድኃኒቱ ያግዘዋል" አለኝ፤ "ግን ንገሩት። ለሌላ ሰው እንደምትናገሩት አድርጋችሁ ንገሩት።"

ከደሴ ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ የማስበው አባቱን ነበር። ባሌ ሲሞት ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ለቅሶው እንዳይረብሸው ብለን ጎረቤቴ ቤት አስቀመጥነው። ሲመለስ አባቱ የለም። ዓመት ሙሉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የአባቱን በርጩማ ወደ ደጅ እያወጣ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ተወው። "ረሳው፤ እንዲህ ያለ ልብ የታደለ ነው" እንባባል ነበር። መነኮሳቱ ያደረጉት እኔ አስቀድሜ ያደረግሁትን ነው።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

"አባቴ፣ ለልጄ መርዶ ሊነገረው ነው። ለቅሶም እቀመጣለሁ።"

"ለመነኩሴ?" አሉኝ። "ቆብ በደፋ ቀን ፍትሐት ተደርጎለታል። ለዓለም ሞቷል። ለመነኩሴ ለቅሶ አይቀመጡም ልጄ።"

"ለመነኩሴው አይደለም። ለልጄ ነው የምቀመጠው።"

መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ቀና ብለውም፣

"መርዶውን ማን ይነግረዋል?" አሉ።

"እርስዎ።"

ማለዳ መጡ። ጎረቤቶቼ ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረዋቸው ገቡ፤ ለማንም ትልቅ ሰው እንደሚደረገው። ልጄ ገና መነሣቱ ነበር። የንስሐ አባቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጡና እጁን ያዙት።

"ልጄ ሆይ፣ አባ ሞተዋል። በሰኔ ታመው ሞቱ። ተቀብረዋል። ጠጠርህን መሰብሰብ የተዉት ጠልተውህ አይደለም።"

የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልነገራቸውም፤ ከራሳቸው ያመጧት ናት። ስለ እሷ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ።

ልጄ አንድ በአንድ ፊታችንን አየ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

"እማ?"

"እውነት ነው" አልሁት።

ያን ጊዜ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሉት። መጀመሪያ ስለ ወጉ ያለቀሱ ይመስለኛል፤ ከዚያ ግን የእውነታቸውን አለቀሱ። "አባ" እያለ ሲጮህ በመሐሉ "አባባ"ም ይል ነበርና፤ አባባ የሚለው የገዛ አባቱን ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። እድርተኛው እየመጣ እጁን ይዞ "እግዜር ያጥናህ" አለው። እጁን እንደ ባለ ቤት ጨብጠውት አያውቁም። ሊሳለቅ የመጣም አልጠፋም። አንዱ ከበሩ ላይ ቆሞ፣

"የሞኝ ለቅሶ ደረስን እኮ ጎበዝ! እናልቅስ ወይስ እንሳቅ?" አለ።

ጎረቤቴ ሰማችው። "ግባና ንፍሮህን ብላ" አለችው። "ላንተ ነገ ማን እንደሚቀመጥልህ ገና አናውቅም።" ገባ፤ አንገቱን ደፍቶ በላ።

ንፍሮውን የቀቀለችው እሷ ናት። በሰፌድ አድርጋ መጀመሪያ ልጄ ፊት አቀረበችው። "ሐዘንተኛው አንተ ነህ። አንተ ካልቀመስህ እኛ እንዴት እንቀምሳለን?" አለችው። ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። ልጄ ሰፌዱን አየ፤ ሰውን አየ። ከዚያ አንድ እፍኝ ንፍሮ አንሥቶ ጎረሰ። ዳግመኛም ጎረሰ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በዚያ ዳነ ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱን እየወሰደም ከመኝታው የማይነሣባቸው ቀኖች ነበሩ። ከንስሐ አባቴ ጋር ታርቀናል፤ ነገር ግን ምንጩ ዳር ያገኘኋቸው ዓይነት ሴቶች አሁንም "ያ ባሕታዊ ወዴት ሄደ?" እያሉ ይጠይቃሉ አሉ። ከእግዚአብሔር ደጅ እናቱ አወጣችው የሚሉኝ አሉ። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከቤቱ ኋላ ድምፅ ሰማሁ። "እንዴት አደርህ" ይላል። ብቅ ብዬ ባይ ከጎረቤቴ አህያ ጋር ቆሟል። ተመልሼ ገባሁ፤ እንዳላቋርጣቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጠየቀኝ። ሰው ያለ ሥራ ይጨንቀዋል፤ እሱም ሰው ነው። ጎረቤቴ በሐይቁ ዳር የሽንኩርት መደብ ነበራት፤ ውኃ እንዲያጠጣላት ወሰደችው። የቤቷን አሮጌ የገበጣ ገበታ አወጣችለት። ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ እንጨት ስለሆነ ጎርፍ አይደፍነውም። ጀምበር ሳትጠልቅ እየሄድሁ "ይበቃል፣ ተባረክ" እለዋለሁ፤ ጠጠሩን ሰብስበን ወደ ቤት እንሄዳለን። የአዛውንቱን ቃል ከእኔ አፍ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶበታል፤ ግን ተቀበለ።

ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። እኔ ስሞትስ? መድኃኒት ልንቀበል ደሴ ስንሄድ ለነርሱ ነገርሁት። "እሱ ራሱ እንዲለው አስተምሪው" አለኝ። ሳቅሁ። "ሀ"ን በሦስት ዓመት የተማረ ልጅ ነው! ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። በየቀኑ የመጨረሻዋ ጠጠር ስትገባ እኔ ዝም እላለሁ። እሱ ያየኛል። እጠብቃለሁ። ያየኛል። በመጨረሻ እኔው እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግን። አንድም ቀን አላለም።

አንድ ጊዜ ውጫሌ ለቀብር ሄጄ መኪና አጣሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ ገና መንገድ ዳር ነኝ። ዓይኔ ላይ የሚመጣው የቆሰለው ትከሻው ነበር። ገበታው ሞልቶ፣ ጠጠሩ መሬት ላይ ተከምሮ፣ እሱ ወደ ውኃው ሲወርድና ሲወጣ ይታየኛል። ሐይቅ ስደርስ ከመኪናው ወርጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥሁ።

ከዛፉ ሥር እግሩን ዘርግቶ ዳቦ ይበላል። ጀሪካኑ ከጎኑ ተደፍቷል። ገበታውን አየሁት። ሰባቱ ጉድጓድ ሞልቷል፤ አምስቱ ባዶ ነው። ትንፋሼ ተቆራርጦ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ይበቃል" አለኝ።

ጎረቤቴ ከሽንኩርቷ መሐል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"መጣሽ? ነይ እይልኝ! ሰባት አመላልሶ ይበቃል ብሎኝ ተቀመጠ። ሽንኩርቴ ጠውልጎ ቀረ። አንች ነሽ ይኼን ያስተማርሽው፤ ሰነፍ አደረግሽው!"

"ሰነፍ ራሱን ያውቃል" አልኋት። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኋትም።

አሁንም ውኃ ያወጣል። አንዳንድ ቀን ዐሥራ ሁለቱን ይሞላል። አንዳንድ ቀን ሦስት ላይ ያቆማል፤ ጎረቤቴ እያማረረች የቀረውን ራሷ ትቀዳለች። ሦስት ላይ ባቆመ ቀን ተመስገን እላለሁ። ይህችኛዋ አትቆጨኝም።